ንጹሕ ናሙና

ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ የለማኝ ዓይነት አይጠፋም፤ አክታ የሚለምን ሰው የታየው ግን በማራኪ ነው። የሠፈሩ ጎረምሶች "ዶክተር አክታ" የሚል ስም ያወጡላት ገና ዶክትሬቷን ሳትይዝ ነበር። እሷም አልተቀየመችም፤ ተወልዳ ያደገችበት ሠፈር ነው፣ ስም ያልወጣለት ማን አለ? ዓመት ከዓመት የሚያስላቸውን አዛውንቶች ቤት ለቤት እየዞረች "ሲብስብዎ ይደውሉልኝ፤ እዚህች ብልቃጥ ውስጥ አንዴ ብቻ ይተፉልኛል" ትላለች። አንዳንዱ ይስቅባታል፤ አንዳንዷ ደግሞ "በአክታዬ መተት ልታሠሪብኝ ነው?" ብላ በር ትዘጋባታለች።

የምታጠናት ባክቴሪያ ሄሞፊለስ ትባላለች፤ ደም ወዳድ እንደ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ማንንም ሳትነካ ትኖራለች። በአቧራና በጭስ ያረጀ ሳንባ ካገኘች ግን ወደ ታች ትወርዳለች፤ እዚያ ስትደርስ ጠባይዋ ሌላ ነው። በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ የበሰለ ደም ቀርቦላት ስታድግ ጨዋ ናት፤ ሁሉ ሞልቶላት ምን ብላ ትሰርቃለች? በታመመ ሰው ሳንባ ውስጥ ግን ሰውነታችን አይረኑን፣ በደም ውስጥ ያለውን ብረት፣ ይደብቅባታል። ያኔ ዘግታ ያኖረቻቸውን ጂኖች ትከፍታለች፤ የምትሰርቅበትን፣ የምትለጠፍበትን፣ ከሰውነታችን ወታደሮች የምትሸሸግበትን። ማራኪ ማወቅ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ታሞ ሳለ፣ እዚያው ደረቱ ውስጥ፣ የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ።

ይህን ለእድር ስብሰባ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ማራኪ ግን የሠፈሯን ቋንቋ ታውቃለች።

"ሙቀጫ የሌለው ቤት አለ?" አለቻቸው።

"የለም!"

"ሁልጊዜ ትወቅጣላችሁ?"

"ኧረ ማን ሁልጊዜ ይወቅጣል!"

"እኔም ባክቴሪያዋ ስንት ሙቀጫ እንዳላት ልቆጥር አልመጣሁም፤ እሱ ድሮ ተቆጥሯል። ዛሬ የቱ እየተወቀጠ ነው የሚለውን ነው በር ላይ ቆሜ የማዳምጠው። ድምፁ ደግሞ ከሰው ደረት ከወጣች ወዲያው ይለወጣል። ለዚህ ነው አክታው ሳይውል ሳያድር እኔ በማመጣው ፈሳሽ ውስጥ መግባት ያለበት።"

ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ገባው። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ጭብጨባው ሞቅ ሲያደርጋት ጊዜ ጨመረችበት። "እና አደራ፣ መድኃኒት ከመዋጣችሁ በፊት ጥሩኝ። አንዲት ፍሬ ከዋጣችሁ ለእኔ ሥራ አትሆኑም። አደራ!" ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሚፈርሙበት ወረቀት ላይ "በዚህ ጥናት ምክንያት ሕክምናዎን አያዘግዩ" የሚል አለ፤ እሱንም አንብባላቸዋለች። ወረቀቱ ግን እንደ ወረቀት ነው የተነበበው፤ አደራው እንደ አደራ ነው የተሰማው። በዚህ ሠፈር አደራ የተባለ ሰው ተመልሶ ወረቀት አያይም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰብስቤ ከወንበራቸው ተነሡ። አባታቸው ከሶዶ መጥተው ኮልፌ ላይ የከፈቱትን ፍራሽ ቤት የወረሱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረጀ ጥጥ ሲያራግፉና ሲነድፉ፣ አቧራውን ሲምጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳላቸው ከሩቅ ይታወቃል፤ ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፉ ነው ሚስታቸው እትዬ ሰርኬ ምሳ የሚያቀርቡት። የማራኪ አባት የሞቱት እሷ ፊደል ሳትለይ ነው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ስብሰባም ሆነ ጠብ፣ "የልጅቷ አባት ማነው?" በተባለበት ሁሉ የቆሙላት እሳቸው ናቸው።

"ሰምታችኋል" አሉ፣ በሁለት ሳል መሐል። "ልጃችን አደራ ብላናለች። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! በሉ፣ መጀመሪያ እኔን መዝግቢኝ።"

ወራት አለፉ። ብልቃጡ ሞላ፤ ውጤቱ ግን ባዶ ሆነ። ከአየር ጤና እስከ ቀራንዮ ፋርማሲ የሌለበት ማእዘን የለም። ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚሮጠው ሐኪም ጋ አይደለም፤ አሞክሳሲሊን እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። አደራው የከበደው ሰው እንኳ ሌሊት ሲጨንቀው ይውጣል። ማራኪ በጠዋት ስትደርስ "ለአንቺ ብዬ የዛሬዋን አቆይቻታለሁ" ይላታል። መድኃኒት የነካት ባክቴሪያ ደግሞ የምታሰማው ጣሯን ነው እንጂ ኑሮዋን አይደለም።

አማካሪዋ ዶክተር ሰይፈሥላሴ ቢሯቸው አስጠርተው እቅጩን ነገሯት። "አንድ ንጹሕ ናሙና እፈልጋለሁ። መድኃኒት ያልነካው፣ በደንብ የታመመ ሰው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣሽ ጥናቱ የሳሕን ጥናት ሆኖ ይቀራል። የሳሕኑን ደግሞ ዓለም ሁሉ ሠርቶታል።"

በደንብ የታመመ ሰው! ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ቋንቋውን እንዲህ ያደርገዋል። ማራኪም ስትሰማው አልሰቀጠጣትም። ከቢሮው የወጣችው "ማን ይታመምልኝ ይሆን?" እያለች ነው፤ እያለች መሆኗንም ልብ አላለችም።

እጮኛዋ ሚሊዮን ሽማግሌ የላከው በዚያው ሰሞን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው እነማራኪ ቤት ገቡ። በአባት ቦታ የተቀመጡት ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ወጉ ይታወቃል፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "ማን ናችሁ? ከማን ወገን ናችሁ? እንማከርና ሌላ ቀን ተመለሱ" ተብሎ ትንሽ ይንገላታል፤ ልጅቷ እንዳትረክስ። ጋሽ ሰብስቤ ደግሞ በዚህ የታወቁ ነበሩ፤ ሦስቴ ያመላለሱት ሽማግሌ አለ። ያን ቀን ግን ገና ጥያቄው ተነግሮ ሳያልቅ "ልጃችን ልጃችሁ ናት" ብለው ዝም አሉ። ሰዉ ሁሉ ተገረመ። "ምን ያለ ቅን ሰው ነው!" ተባለ።

ቅንነት አልነበረም። ለሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ትንፋሽ ስላልነበራቸው ነው።

ይህን ያወቀች ማራኪ ብቻ ናት። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ የእሷ ነገር እየተቆረጠ፣ ጆሮዋ የሰማው የሳቸውን ደረት ነበር። ስንት የታፈነ ደረት አዳምጣለች! ጋሼ በደንብ ታመዋል። እና የመጀመሪያ ስሜቷ ሐዘን ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር፤ አልነበረም። ልቧ "ይኸው!" ነው ያለው።

ሽማግሎቹ ተሸኙ። ጋሽ ሰብስቤ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ የግቢው በር ላይ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ደረሰችባቸው።

"ጋሼ፣ አሞዎታል።"

"የአንቺ ቀን ነው፤ የእኔን ተይው።" ግራና ቀኝ አይተው፣ የማንጎ ዛፍ ላይ እንደ ወጣ ልጅ ፈገግ አሉና ከኮታቸው ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲፈቱት ቀይና ቢጫ እንክብሎች ናቸው። "ዓርብ ነው የጀመረኝ። ዮርዲ ወዲያው ሮጣ ገዛችልኝ፤ እንደ ፖሊስ ቆማ ነው የምትሰጠኝ። ዞር ስትል ኪሴ ይገባል። አንዷንም አልነካሁም። አደራሽን ጠብቄያለሁ።"

ዮርዲ አንዲት ልጃቸው ናት፤ አየር ጤና ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች።

"ለምን አልደወሉልኝም?"

"በሽማግሌ ሰሞን? ምን ብዬ? ታምሜያለሁ ብልሽ ቀኑን ታዛውሪዋለሽ።" ሳል አቋረጣቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። "አሁን ልዋጠው ወይስ ልጠብቅሽ?"

ጥያቄው ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ማራኪ ብዙ ትምህርት ተምራለች፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል እንደሆነ ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም ነበር። ይዋጡት። አንድ ቃል። እሷ ግን ፈሳሹ ላቦራቶሪ እንደሆነ፣ ላቦራቶሪው እሑድ ዝግ እንደሆነ፣ ነገ ማለዳ ከፍታ ይዛ ብትመጣ ምን ያህል እንደሚፈጅባት አሰላች።

"እስከ ነገ ጠዋት ብቻ፣ ጋሼ።"

"እስከ ነገማ ምን አላት!" አሉና እንክብሎቹን መልሰው ጠቀለሏቸው።

ሰኞ ማለዳ ከአየር ጤና የታክሲው ሰልፍ አልገፋ አለ፤ መንገዱ ተቆፍሯል። ላቦራቶሪው ስትደርስ ደግሞ ፈሳሹ ያለበትን የማቀዝቀዣ ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል። በዚህ አገር ቁልፍ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች፤ የጋሽ ሰብስቤን ቁጥር ፈልጋ አገኘችው። "ጋሼ፣ ግዴለም ይዋጡት" ልትል ነው። አውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ ቆየ። ሰውዬው አሁን ይወጣል፤ ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ጠብቀው አሁን ባበላሸው አይቆጭም? ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ሰውዬው ከስብሰባ የወጣው ሻይ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀራንዮ የተመለሰችው በቀትር ነበር።

ጋሽ ሰብስቤ ተኝተው መተንፈስ ስላቃታቸው፣ ራሳቸው የነደፉት ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ነበር። ሲያይዋት እጃቸውን ዘረጉ፤ ንግግር አልቻሉም። እትዬ ሰርኬን በዓይናቸው ውኃ አምጪ አሏቸው። ሚስታቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ አቀርቅረው፣ ከሆዳቸው አንሥተው ሳሉ። የወጣው ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ደም የነካው ነው። በቀጥታ ፈሳሹ ውስጥ ወደቀ። ማራኪ ክዳኑን ሁለቴ ጠመዘዘችው፤ ከፍርሃትም ከደስታም ነው።

ከዚያ እንክብሉን ራሷ አፋቸው ውስጥ አደረገችላቸው።

"ጠቀመሽ?" አሉ፣ ቃሉን በሁለት ትንፋሽ ከፍለው።

"በጣም፣ ጋሼ። በጣም።"

"እንግዲያው... የኮልፌ አቧራ... ለአንድ ነገር በቃ።"

እትዬ ሰርኬ ውኃውን ይዘው ተመለሱ። "ሐኪም ቤት ብትወስዷቸው ይሻል ይሆን?" አለች ማራኪ፣ ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

"ኧረ ልጄ፣ መድኃኒቱን ከጀመረ እኮ ሦስተኛ ቀኑን አልፏል። ዮርዲ ከዓርብ ጀምሮ አላሳለፈችበትም። ዛሬ ነገ ይይዝለታል።"

ማራኪ አፏን ከፈተች። ጋሽ ሰብስቤ ከፍራሹ ላይ ሆነው በዓይናቸው ለመኗት፤ በሚስታቸው ፊት ውሸታም መሆን ከበዳቸው። አፏን ዘጋችው። ብልቃጡ ቶሎ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። "ነገ ካልተሻለዎት እንሄዳለን" ብላ ወጣች፤ ወደ ፌርማታው በሩጫ ነው የሄደችው።

ነገ የሚባለው ሳይመጣ፣ ማታውኑ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ተረኛው ሐኪም "መድኃኒት ጀምረው ነበር?" ሲል ጠየቀ። ዮርዲ ፈጥና "አዎ፣ ከዓርብ ጀምሮ፤ እኔ ነኝ በእጄ የምሰጠው" አለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ "እንግዲያው የተገዛው መድኃኒት አልሠራም ማለት ነው" ብሎ ሌላ አዘዘ። ሌላውም አልደረሰላቸውም። ረቡዕ ማለዳ ጋሽ ሰብስቤ አረፉ።

መድኃኒቱን ዓርብ ቢጀምሩ ይድኑ ነበር ወይ? ማንም አያውቅም፤ ማራኪም አታውቅም። ሰው ደግሞ ባልታወቀ ነገር መደበቅ ይወዳል።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ በድንኳኑ ውስጥ የሚወራው አሟሟታቸው ነበር። "ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታ አዋጠችው" ይላል አንዱ። "ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ የዛሬ ልጆች መች ያያሉ" ይላል ሌላው። ይህ ሁሉ የሚባለው ዮርዲ ከምትተኛበት መጋረጃ ወዲህ ነው፤ ትሰማለች። ልጅቷ በሳልስቱ ፊቷ የሌላ ሰው ሆነ። ምግብ ሲሰጧት ትቀበላለች፣ አትበላም። ማታ ማታ ያን የመድኃኒት ካርቶን አውጥታ የተጻፈበትን ታነባለች፤ ደግማ ታነባለች። "ማርዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?" ስትላት ማራኪ አቀፈቻት፤ አብራት አለቀሰች። ለቅሶው እውነት ነበር። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ የፈጣሪ ሥራ ነው" አለቻት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የናሙናው ውጤት ደረሰ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ኮምፒውተራቸው ላይ እንዳፈጠጡ በእጃቸው ጠረጴዛውን መቱ። ሁሉም እዚያ ነበር። አይረን የምትሰርቅባቸው ጂኖች ከሳሕኑ ጋር ሊወዳደሩ በማይችሉበት ልክ ተከፍተዋል። ሳንባ ላይ የምትለጠፍባቸውም፣ ከመከላከያችን የምትሸሸግባቸውም። አንድ ሰው ደረት ውስጥ፣ ማንም ሳይነካት፣ ባክቴሪያዋ እንዳሻት ስትኖር የሚያሳይ ሥዕል ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ተሠርቶ አያውቅም።

"በሦስተኛ ቀኑ መድኃኒት ያልቀመሰ በሽተኛ! ከየት አገኘሽው?"

"ዕድለኛ ሆኜ" አለች ማራኪ።

"በይ ጽሑፉን ቶሎ እናድርሰው።"

ሌሊቱን ሙሉ ጻፈች። ስም የለም፤ "ወንድ፣ ዕድሜው በስድሳዎቹ፣ የረጅም ጊዜ የጥጥ አቧራ ተጋላጭ" ይላል። ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ከጻፈችው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

በአርባው ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ተቀምጠዋል፤ ዮርዲ ጠላ እያዞረች ነው። ማራኪ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ከጎኗ የተቀመጡት እትዬ ዋጋነሽ ናቸው፤ ጉሊት ሲነግዱ የኖሩ፣ ሳላቸው ከጋሽ ሰብስቤ የማይተናነስ ጎረቤት። ክንዳቸው ክንዷን ሲነካት እንደ ምጣድ ይፋጃል።

"ዕቃሽን ይዘሻል፣ ልጄ?" አሉ በሹክሹክታ።

"የምን ዕቃ?"

"የምንተፋበቱን ነዋ!" የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ፤ ውስጡ እንክብሎች አሉ። "ከትናንት በስቲያ ነው የጀመረኝ፤ ልጄ ገዛልኝ። እንዳልውጠው አደራ አለብኝ። ሰብስቤ በእድሩ ፊት ያሰረውን ቃል፣ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እኔ ልፍታው? በአርባው ልሰጥሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።"

ዙሪያውን የተቀመጡት ሰሙ። "አቤት፣ የሰው ልክ!" አለች አንዷ።

ማራኪ ነጠላውን ወደሳቸው ገፋች። "ይዋጡት፣ እትዬ። አሁኑኑ።"

"ምነው?"

"አልፈልገውም። ይዋጡት ብያለሁ!" ድምፅዋ ሳታውቀው ከፍ አለ።

እትዬ ዋጋነሽ ተከፉ። "የሱን ተቀብለሽ የእኔን ናቅሽው? የጉሊት ሴት አክታ ስለሆነ ነው?"

"የሳቸውን መቀበል አልነበረብኝም።"

ዮርዲ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። "የአባዬን ምኑን?"

አሁንም ማምለጫ ነበር። "ኋላ እነግርሻለሁ" ማለት ይቻል ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ካህን በተቀመጠበት ማንም አያስገድዳትም። ግን የእትዬ ዋጋነሽ ክንድ ክንዷን እያቃጠላት ነው፤ እንክብሎቹም ነጠላው ላይ ተዘርግተው ይታያሉ። ሌላ የምትላቸው ነገር አልነበራትም።

"አባትሽ መድኃኒቱን አልዋጡም ነበር" አለች።

"ውጧል። እኔ ነኝ በእጁ የሰጠሁት።"

"ኪሳቸው ነበር የሚከቱት። እስከ ሰኞ ቀትር አንዷንም አልዋጡም። እሑድ ማታ አሳይተውኛል፤ ልዋጥ ወይስ ልጠብቅሽ አሉኝ። ጠብቁኝ አልኳቸው። ለናሙናው ነው።"

እትዬ ሰርኬ ከካህናቱ አጠገብ ሆነው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዮርዲ አላለቀሰችም። ጣሳውን መሬት አስቀመጠች፤ ውኃ በብርጭቆ ቀዳችና እትዬ ዋጋነሽ ፊት ተንበረከከች። ከነጠላው ላይ አንድ እንክብል አንሥታ ሰጠቻቸው። እትዬ ዋጋነሽ እንክብሉን በመዳፋቸው ይዘው፣ እንደ ማስፈቀድ፣ ወደ ማራኪ ዞሩ።

"እሷን አይዩ" አለች ዮርዲ። "እኔን ይዩ። ይዋጡ።"

ዋጡ። ዮርዲ አፋቸውን አስከፍታ አየች፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው እንዲፈለግ አዘዘች። ያን ሁሉ ጨርሳ ነው ወደ ማራኪ የዞረችው።

"እኔ ገደልኩት እያልኩ ስቀመጥ አጠገቤ ነበርሽ። እኔንስ እስከ መቼ ልታቆዪኝ ነበር?"

ማራኪ መልሱን ታውቀዋለች፤ ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ነበር።